ሳይገባን እንዳንሮጥ፦ ስለ ንባብ ፍጥነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና ሪፖርት ሲያገላብጡ የሚውሉ የቢሮ ሠራተኞች ስለ ንባብ ፍጥነት ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሰባስበናል። መልሶቹ ለአማርኛም ለእንግሊዝኛም ንባብ ያገለግላሉ። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ ለይተን እንናገራለን፤ ልዩነቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነውና።

በደቂቃ ስንት ቃል ማንበብ ነው ጥሩ የሚባለው?

አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ አዋቂዎች በለሆሳስ ሲያነቡ፣ ጽሑፉ ልቦለድ ካልሆነ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ ያነባሉ። ልቦለድ ሲሆን 260 ይጠጋል፤ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ደግሞ ወደ 183 ይወርዳል። ይህ ማርክ ብሪስባርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019፣ 190 ጥናቶችን አሰባስቦ ያገኘው አማካይ ነው። ስለዚህ «በደቂቃ 600 ካላነበብኩ ሰነፍ ነኝ» ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ያለ ምክንያት ነው የሚጨነቀው።

ይህን ቁጥር ግን እንዳለ አንሥቶ አማርኛ ላይ መጫን ስሕተት ነው። «አልነገርኳችሁም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት አምስት ቃል ይፈልጋል። ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ጊዜውና አፍራሹ ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል። በአማርኛ በደቂቃ 150 ቃል የሚያነብ ሰው በእንግሊዝኛ 240 ከሚያነበው ያነሰ ሐሳብ አገኘ ማለት አይደለም። ውድድራችሁ ከራሳችሁ ካለፈው ሳምንት ቁጥር ጋር ይሁን።

ፍጥነቴን እንዴት ልለካ?

ከዚህ በፊት ያላነበባችሁትን፣ ከምታጠኑት ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያለው ጽሑፍ ምረጡ። ከመሀል አምስት ሙሉ መስመር ውሰዱና ቃላቱን ቁጠሩ። 40 ከሆነ በመስመር በአማካይ 8 ቃል አለ ማለት ነው። ስልካችሁን 3 ደቂቃ ላይ ሙሉና እንደ ልማዳችሁ አንብቡ፤ ስልኩ ሲጮኽ የደረሳችሁበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። 57 መስመር ከሄዳችሁ 57 በ8 ሲባዛ 456፣ ለ3 ሲካፈል በደቂቃ 152 ቃል ይሆናል።

ግማሹ ሥራ ገና ይቀራል። መጽሐፉን ዝጉና ያስታወሳችሁትን በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያም ጓደኛችሁ ከዚያው ክፍል 10 ጥያቄ ያውጣላችሁ፤ እናንተም ለእሱ አውጡለት። 8 ከመለሳችሁ 152ን በ0.8 አባዙት፤ 122 ገደማ ይመጣል። እውነተኛው ፍጥነታችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በደቂቃ 210 ሮጣችሁ 5 ብቻ ብትመልሱ ውጤቱ 105 ነው፤ ፈጠንን ብላችሁ ወደ ኋላ ሄዳችኋል ማለት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ እየለካ ወራት ያባክናል።

በአንድ ሳምንት በደቂቃ 1,000 ቃል እናስነብባለን የሚሉ ሥልጠናዎች እውነታቸውን ነው?

በመረዳት ከሆነ፣ አይደለም። ምክንያቱ ዓይናችን ነው። ዓይን በመስመር ላይ በጸጥታ ውኃ ላይ እንዳለች ታንኳ አይንሸራተትም፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይዘላል። አንዱ ዕረፍት በአማካይ የሴኮንድ ሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ፊደሉ የሚነበበውም ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በዝላዩ ወቅት ዓይን አያነብም። ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታም በጣም ጠባብ ነው። እዚሁ ሞክሩት፦ ከዚህ መስመር አንድ ቃል ላይ ዓይናችሁን ትከሉና፣ ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ በስተቀኝ ያለውን አራተኛ ቃል ለማንበብ ሞክሩ። ጥቁር ነገር እንዳለ ታያላችሁ፤ ፊደሉን ግን አትለዩትም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሴኮንድ 4 ዕረፍት፣ በደቂቃ 240 ዕረፍት። በየዕረፍቱ አንድ ቃል፣ አልፎ አልፎም አጫጭር ቃላትን እየዘለሉ ቢሄዱ 300 አካባቢ ይደርሳል። 1,000 ለመድረስ ግን ከአራት ቃል ሦስቱን ሳያዩ ማለፍ ግድ ነው። ይህ የገረፍታ ንባብ ነው፤ ነውር የለበትም፣ በቦታው ጠቃሚ ሙያም ነው፤ «ሁሉም ገብቶኛል» ከማለት ጋር ግን አንድ አይደለም። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የዘርፉን ጥናቶች መርምረው የደረሱበትም ይኸው ነው፦ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የሚከፈለው በመረዳት ነው። ፍጥነትን በርግጥ የሚጨምረው የቋንቋ ችሎታ ነው፤ ማለትም ቃላቱን ማወቅና ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ጥቂት መረዳት።

ቃላትን አንድ በአንድ በስክሪኑ መሀል ብልጭ እያደረጉ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎችም ችግራቸው ከዚህ ይመነጫል። ዓይን ሳይገባው ሲቀር የሚመለስበት መስመር የለውም።

በውስጤ ድምፅ እሰማለሁ። ላጥፋው?

ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ያንን አስቁሙ። ከንፈርና ምላስ ከዓይን የዘገዩ ስለሆኑ ንባቡን ወደ ንግግር ፍጥነት ይጎትቱታል። እያነበባችሁ ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጉ፤ መንቀሳቀሱ ወዲያው ይታወቃችኋል። በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ያህል በትጋት ቢሠሩበት ይለቃል።

የውስጡን ድምፅ ግን ተዉት። በተለይ በአማርኛ! ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? «ዋና» ጣና ላይ የሚዋኘው ነው ወይስ ዋናው መንገድ? «ይበላል» ሰውየው ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ ነው የሚበላው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? በወረቀት ላይ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ውስጣችን የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ በግድ ለማፈን፣ ለምሳሌ እያነበቡ በልብ ቁጥር በመቁጠር፣ የሚሞክሩ ሰዎች ትርጉሙን ከነድምፁ ነው የሚያጠፉት።

እያነበብኩ ወደ ኋላ መመለስ አበዛለሁ። እንዴት ልተው?

ሙሉ በሙሉ መተው የለባችሁም። በእንግሊዝኛ ንባብ በተጠኑ ጎበዝ አንባቢዎችም ዘንድ ከዓይን እንቅስቃሴዎች ከ10 እስከ 15 በመቶው ወደ ኋላ ነው። መለየት ያለበት ሁለቱ የመመለስ ዓይነት ነው፦ ስላልገባችሁ መመለስ ጥገና ነው፤ ልባችሁ ሌላ ቦታ ስለሄደ ወይም «ያለፍኩት ይኖር ይሆን?» በሚል ሥጋት መመለስ ግን ልማድ ነው።

ለልማዱ መድኃኒቱ አንድ ካርቶን ነው። የፖስታ ካርድ የሚያክል ቁራጭ ወስዳችሁ ካነበባችሁት መስመር በላይ አስቀምጡና እየወረዳችሁ ሸፍኑ። ብዙዎች ካርዱን ከታች በኩል፣ ገና የሚያነቡትን ሸፍነው ይይዙታል፤ ይህ ዓይን ቀድሞ የሚቃኘውን መስመር ስለሚዘጋ ያዘገያል። ከላይ ሲሆን ግን የሚዘጋው የመመለሻውን በር ብቻ ነው። በርግጥ ያልገባችሁ ነገር ካለ ካርዱን ከፍ አድርጉና ተመለሱ። አንድ አንቀጽ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ካነሣችሁት ጥፋቱ የልማድ አይደለም፤ ወይ ጽሑፉ ከብዷል፣ ወይ ደክሟችኋል።

አማርኛን በፍጥነት ሳነብ ትርጉሙ የሚገለበጥብኝ ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ነገር ታዝቧል። ለእንግሊዝኛ የተጻፉ የፍጥነት ምክሮችን አማርኛ ላይ እንዳሉ ማዋል የሚያመጣው አደጋ ይኸው ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አፍራሹና ሁኔታው ደግሞ ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፤ በቃሉ ጫፍ ላይ ተለጥፈው ነው የሚገኙት፦ አል…ም፣ የማይ፣ ያል፣ ካል፣ ሳይ፣ ባይ፣ እንደማይ። ግንዱን አይቶ የሚያልፍ ዓይን «ከፍሏል» እና «አልከፈለም»ን አንድ ያደርጋቸዋል።

ማንኛውም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ የሚችል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦

«እስከ ኅዳር 30 ያልተመዘገቡ ተማሪዎች፣ የዘገዩበትን ምክንያት በጽሑፍ ካላቀረቡ በስተቀር፣ በቅጣትም ቢሆን እንደማይመዘገቡ እናሳውቃለን።»

ሮጦ የሚያልፍ ሰው የሚይዘው «ኅዳር 30… ተማሪዎች… ምክንያት… ቅጣት… እናሳውቃለን» የሚለውን ነው። ከዚያም «ካለፈኝም በቅጣት እመዘገባለሁ» ብሎ ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ገንዘብ ብቻውን አያስመዘግብም፤ በጽሑፍ የቀረበ ምክንያት ግድ ነው። ትርጉሙን የተሸከሙት አራት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ «ያልተ»፣ «ካላ… በስተቀር»፣ «ም ቢሆን» እና «እንደማይ»።

ስለዚህ በአማርኛ ፍጥነት የሚጨመረው በዓረፍተ ነገሩ መሀል እንጂ በጫፉ አይደለም። ሦስት ነገር ልመዱ። አንደኛ፣ ከአራት ነጥብ በፊት ያለው የመጨረሻ ቃል ላይ ሁልጊዜ ዓይናችሁ ይረፍ፤ ገረፍ እያደረጋችሁም ቢሆን። ሁለተኛ፣ የግሦችን መነሻ ፊደላት እዩ እንጂ ከመሀላቸው አትጀምሩ። ለመለማመድ አንድ የጋዜጣ ገጽ ወስዳችሁ አፍራሽ የያዘውን ቃል ሁሉ በእርሳስ ክበቡ፤ ለአንድ ገጽ 4 ደቂቃ ስጡ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በዝግታ እያነበባችሁ ያመለጣችሁን ቁጠሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ዓይናችሁ ሳትጠሩት ራሱ እነዚያ ላይ ማረፍ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት መስመር ካለፈ መጀመሪያ መጨረሻውን አንብቡ፤ ማን ምን እንዳደረገ ከታወቀ በኋላ መሀሉ በቀላሉ ይገባል።

አንድ ሌላ ማዘግያ አለ፤ የፊደል አጻጻፍ መለያየት። «ዓለም»ና «አለም»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» በአንድ ገጽ ላይ እየተቀያየሩ ሲመጡ የተለማመደው የቃሉ መልክ ይጠፋና ዓይን ፊደል ወደ መቁጠር ይመለሳል። አንባቢው ምንም ሊያደርግ አይችልም። ለሌሎች ማስታወሻ የምታዘጋጁ ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ጽፉ፤ አንባቢያችሁን በእጅጉ ትረዱታላችሁ።

የቆሎ ተማሪ ዳዊትን እንደ ውኃ የሚያፈስሰው እንዴት ነው? ከዚያ የምንማረው አለ?

አለ፤ ብዙም ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት አካባቢ እስከ ዛሬ በሚሰጠው የአብነት ትምህርት ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባቡን በደረጃ ነው የሚይዘው። በግዕዝ ንባብ ፊደል በፊደል እየጎተተ፣ በውርድ ንባብ እየያያዘ፣ በቁም ንባብ ደግሞ ቀጥ አድርጎ። ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ያነባል፤ ሲሳሳት መምህሩ ወይም የበለጠው ተማሪ እዚያው ያርመዋል፤ ሳይጠራ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ስልቶች ሳይቀር ይለያል። ከዚያ ወደ 150ው መዝሙር ይገባል።

አንድን ምንባብ እስኪቀል ድረስ ደጋግሞ ማንበብ በዘመናዊው የንባብ ትምህርትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጄይ ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚሁ ጽፎ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ተለመደ። ዘዴው የሚሠራው ቃሉን ለመለየት የሚወጣው ጉልበት ሲቀንስ አእምሮ ለትርጉሙ ቦታ ስለሚያገኝ ነው።

ጥንቃቄውም እዚያው አለ። የግዕዙን ንባብ አጣርቶ የጨረሰ ልጅ ትርጉሙን ገና አልተማረም፤ እሱ ራሱን የቻለ፣ ኋላ በትርጓሜ ቤት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን ለይተው ያስቀመጡት አውቀው ነው፦ ሳይደነቃቀፉ ማንበብ አንድ ችሎታ ነው፣ መረዳት ሌላ። አንዱን ስናገኝ ሌላው የመጣ ይመስለናል።

የሚታይ ለውጥ ለማምጣት ምን ዓይነት ልምምድ ልሥራ?

በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ4 ሳምንት። በየሳምንቱ መጨረሻ ከላይ ባለው መንገድ ለኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈር ማስቆምና ካርዱ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ድግግሞሽ ትጀምራላችሁ፦ 200 ቃል ያህል ያለው ምንባብ መርጣችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ በየጊዜው የፈጀውን ሴኮንድ ጻፉ። 95፣ 80፣ 72 እያለ መውረድ አለበት። ሦስተኛው ላይም ካልወረደ ምንባቡ ከብዷል፤ ቀለል ያለ ውሰዱ። በአንድ ቀን ሁለት ምንባብ ይበቃል።

በሦስተኛው ሳምንት የእስክሪብቶ ክዳን ከመስመሩ ሥር እየነዳችሁ ታነባላችሁ። 5 ደቂቃ ከተለመደው ትንሽ ፈጠን አድርጋችሁ፣ ምቾት እስኪነሣችሁ፤ ቀጥሎ 5 ደቂቃ በሚመቻችሁ ፍጥነት፤ ከዚያ የገባችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ደግማችሁ አንድ ዙር ሥሩ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ እጅ ከዓይን ቀድሞ ይሄዳል። እጃችሁ መስመሩ ጫፍ ደርሶ ዓይናችሁ መሀል ላይ ከሆነ የምትለማመዱት እጃችሁን ነው። አራተኛው ሳምንት ሦስተኛውን በራሳችሁ የትምህርት ወይም የሥራ ጽሑፍ መድገም ነው።

ፍጥነታችሁ እጥፍ ይሆናል ብለን ቃል አንገባም። ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስና ያለ ምክንያት የሚመለስ ሰው በወሩ መጨረሻ ልዩነቱን በግልጽ ያየዋል። ቀድሞውንም ደህና የሚያነብ ሰው ግን ትርፉ ጥቂት ነው፤ እሱ ጊዜውን ቃላት በማወቅ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

እንግሊዝኛ ሲሆን ለምን ቀንድ አውጣ እሆናለሁ?

በአብዛኛው የቃላት ጉዳይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው እንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ተማሪ የዓይን ችግር ያለበት ይመስለዋል። ከምታነቡት ገጽ 100 ቃል ቁጠሩና የማታውቋቸውን ለዩ። ያለ ማንም እርዳታ ምቹ ሆኖ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። የማታውቁት 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፍጥነት ላይ ሥሩ። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ቃላቱን አስቀድማችሁ አጥኑ። ከ10 በላይ ከሆነ ግን ፍጥነትን ለጊዜው እርሱት፤ ስለዚያው ርእስ በቀላል እንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጋችሁ መጀመሪያ ጉዳዩን እወቁት።

ምዕራፉን ከመጀመራችሁ በፊት ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ተደጋግመው የሚመጡ 8 ወይም 10 ቃላት አውጡና ትርጉማቸውን በትንሽ ወረቀት ያዙ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት መክፈት ሐሳቡን ይበጣጥሰዋል።

ሌላው ሸክም ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ መሀል ላይ ነው፣ የእኛው መጨረሻ ላይ፤ ስለዚህ በልቡ የሚተረጉም ሰው ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ይገለብጠዋል። ትርጉሙን ለአንቀጹ መጨረሻ አቆዩት፤ አንቀጹ ሲያልቅ «እንዲህ ነው የሚለው» ብላችሁ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት።

30 ገጽ ሞጁል በአንድ ማታ እንዴት ልጨርስ?

ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እኩል እየሄዳችሁ አትጨርሱትም፤ ብትጨርሱትም አይቆይም። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት፦

1. 5 ደቂቃ ቅኝት። ርእሶቹን፣ ሥዕሎቹንና ሠንጠረዦቹን፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን የመልመጃ ጥያቄዎች እዩ። እያንዳንዱን ርእስ ወደ ጥያቄ ለውጡት፤ «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎች» የሚለው «አፈርን የሚሸረሽረው ምንድን ነው?» ይሁን።
2. 25 ደቂቃ ንባብ፣ 8 ገጽ ያህል። የምታውቁትን ገረፍ፣ ትርጓሜና ቀመር ላይ ቀስ።
3. ዝጉና 5 ደቂቃ ከጭንቅላታችሁ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የቀረባችሁን ብቻ አሟሉ።
4. 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ስልክ ሳትከፍቱ። ከዚያ ወደ ቁጥር 2።

አንዱ ዙር 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ 30ው ገጽ በአራት ዙር፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል። ሰዎች የሚዘሉት ሦስተኛውን ነው፤ ጊዜ የሚፈጅ ስለሚመስል። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል፦ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠዋል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት በልጠው ተገኝተዋል። ፈተናችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልሆነ ምርጫው ግልጽ ነው።

ሃይላይተር የምትወዱ፣ በአንድ አንቀጽ ከአንድ መስመር በላይ አታቅልሙ፤ ያንንም አንቀጹን ጨርሳችሁ ስትመለሱ። ሁሉም ቢጫ ከሆነ ምንም አልተመረጠም።

በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ በስልክ ማንበብ ያዘገያል?

ያዘገያል፣ በተለይ ገጹ ለትልቅ ወረቀት የተሠራ ሲሆን። በየመስመሩ ወደ ግራና ቀኝ እየጎተታችሁ ከሆነ ዓይን የመስመሩን መጀመሪያ ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይበላል። ስልኩን አግድም አዙሩት፤ ወይም ጽሑፉን በስክሪኑ ስፋት የሚያጥፍ የንባብ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ፊደሉን አጉሉት፤ አማርኛ በትንሹ ሲጻፍ «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሉ» የሚለዩባቸው ቅጥያዎች ይጠፋሉ። ኢንተርኔቱን ዝጉ። በየደሴቶቹ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ጽሑፉ በሁለት ወይም በሦስት ጠባብ ዓምድ መከፈሉንና ርእሱ በቀይ ቀለም መሆኑን ያስታውሳል፤ አጭር መስመር ላይ የሚመለስ ዓይን አይሳሳትም።

ለፈተና የምታጠኑት ዋና ነገር ከሆነ ግን አቅም እስከፈቀደ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያሳየው ትምህርታዊ ጽሑፍን በወረቀት የሚያነቡ የተሻለ ይረዳሉ፤ ልዩነቱ በጊዜ ሲጣደፉ ይሰፋል።

ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው?

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ጥላ ሥር፣ ጀርባን ለውኃው ሰጥቶ። ፊታችሁን ወደ ሐይቁ ካዞራችሁ ከውኃው የሚመለሰው ነጸብራቅ ዓይናችሁን ያስጨፍናችኋል፤ የስልክ ስክሪንማ ጨርሶ አይታይም። ነጭ ወረቀትም በቀጥታ ፀሐይ ሥር ያንጸባርቃል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ገጽ ይገለብጣል፣ ሐሳብም ይበትናል፤ ያኔ ላይብረሪ ይሻላል።

በባጃጅ ውስጥ አታንብቡ። ወደ ዘጌ በሚወስደው ጀልባ ላይ ለአንድ ሰዓት ገደማ ትቀመጣላችሁ፤ እዚያም ከማንበብ ይልቅ ትናንት ያነበባችሁትን በቃል መከለስ ይበጃል፤ አያጥወለውልም፣ ጥቅሙም ከንባቡ አያንስም።

ዓይኔ ይደክማል፣ መስመር ይጠፋብኛል።

በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር እዩ። መጽሐፉን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ የምታነቡ ከሆነ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ አድርጋችሁ የሚመለሰውን ተጠቀሙ፤ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አይሁን። ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም ዕድሜያችሁ 40 አልፎ መጽሐፉን እያራቃችሁ ከሆነ ልምምዱን አቁማችሁ ዓይናችሁን ተመርመሩ። መነጽር የሚፈልግን ዓይን የትኛውም የፍጥነት ዘዴ አያፈጥነውም።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ንባቡ ይጎተታል። ላፋጥነው?

ሰዓት አትያዙበት። መጀመሪያ የቱ ፊደል ላይ እንደሚቆም እዩ። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙ ልጆች የሚያቆማቸው ሳድሱ ነው፤ ካዕቡ ከጎኑ ጭረት እንዳለው በአብዛኛው ይታወቃል፣ ሳድሱ ግን «ል»፣ «ር»፣ «ን»፣ «ት» እያለ በየቤቱ መልኩን ይለዋውጣል። «ተ»ና «ቀ»፣ «ነ»ና «ኀ»ም ይምታታሉ። የሚያቆሙትን 10 ፊደላት ብቻ ለይታችሁ በቀን 5 ደቂቃ አስጠኑት። ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ መጀመሪያ እናንተ አንብቡለት፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ በመጨረሻም ብቻውን። ሲጨርስ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በፍጥነት መነበብ የሌለበት ነገር አለ?

ውል፣ የብድር ሰነድ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የፈተና ትእዛዝ፣ ግጥምና ቅኔ። ሰሙን ብቻ ይዞ የሮጠ ወርቁን አያገኘውም።

ፈተና ላይ ምንባቡን ላስቀድም ወይስ ጥያቄዎቹን?

ጥያቄዎቹን፤ አማራጮቹን ግን አይደለም። ከአራቱ አማራጮች ሦስቱ ስሕተት ስለሆኑ አስቀድሞ ያነበባቸው ሰው የተሳሳተ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ወደ ምንባቡ ይገባል። ለ400 ቃል ምንባብና ለ8 ጥያቄ 30 ሴኮንድ ጥያቄዎቹን፣ 3 ደቂቃ ያህል ምንባቡን በሙሉ፤ ከዚያ ለያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ቦታው ተመልሳችሁ ከምንባቡ አረጋግጡ። «ያልሆነው»፣ «በስተቀር»፣ «የማይስማማው» የሚሉትን ጥያቄዎች ገና ስታዩአቸው ክበቡ።